ምሰሶ የሌለው ሳሎን

የልጄ ሚስት ሰላም ባለፈው ጁምዓ ከሰዓት በኋላ አብሽ ትመታ ነበር። ሆዴን አሞኝ ስለነበር ለእኔ ብላ ነው። ተዘፍዝፎ የዋለውን አብሽ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አድርጋ በማንኪያ ጀርባ ቷ ቷ ስታደርገው፣ ነጭ አረፋ እየሆነ ሲነሳ ሽታው ሳሎኑን ሞላው። ፊት ለፊቴ ሶፋው ላይ የተቀመጠችውን ታላቅ እህቴን ዘይነብን አየኋት፤ እሷም አየችኝ። ሁለታችንም ቡታጅራ እንደተቀመጥን ሰንዓ ደረስን። እሷ ቶሎ ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ውጭ ባጃጅ እንጂ ምንም የሚታይ ነገር አልነበረም። እኔ ግን ሄድኩ። በዚያው ቀን ትንሽ ቆይቶ በዚሁ ሳሎን የሆነው ባይሆን ኖሮ ይህን ሁሉ መጻፍም ባላስፈለገኝ ነበር። አሁንም ደሜ እየፈላ ነው የምጽፈው። እዚያ እስክደርስ ታገሡኝ፤ የአሮጊት ወሬ መንገዱ ረጅም ነው።

ያኔ ቡታጅራ እንዲህ ፎቅ በፎቅ አልሆነችም። ዋናው መንገድ ዳር ያሉት ሱቆች ቆርቆሮ ክዳን፣ የእንጨት መዝጊያ፣ ደጃቸው ላይ ደግሞ የጭቃ መደብ ነበራቸው። ከመስጊዱ ዝቅ ብሎ ጥጉ ላይ የነበረው የአረብ ቤት ይባል ነበር፤ ሳልህ የሚባል ልጅ የነበረው የአንድ አረብ ነጋዴ ሱቅ ነው። ምን ይሸጥ ነበር ብትሉኝ፣ የማይሸጠውን መንገር ይቀለኛል። ተምር በሰሌን ከረጢት፣ ፋኖስ፣ ምስማር፣ ስኳር በወረቀት ተጠቅልሎ፣ አቡጀዲ፣ ባለ አበባ ጨርቅ። ለሙሉ ቀሚስ የሚበቃ ጨርቅ በጥቂት ብር ይቆረጥልን ነበር፤ ዛሬ በዚያ ብር መርፌና ክር የሚሰጥ የለም። ከመደርደሪያው ላይ ያለው ራዲዮ ከባሕር ማዶ የሚመጣ የኡድ ዜማ ቀኑን ሙሉ ያንጎራጉራል፤ እኛ ሴቶች ቃሉን ሳናውቅ ዜማውን ይዘን ወደ ቤት እንገባለን። ዛሬ እዚያው ጥግ ላይ የሞባይል ሽፋን የሚሸጥ ጎረምሳ ማጉያውን ደጅ አውጥቶ ጆሮ ያደነቁራል። ሳልህ እዚህ ተወልዶ እዚህ ያደገ ነው። ጉራግኛውን ከእኛ እኩል ይናገራል፤ በአረፋ በዓል ክትፎውን በቆጮ ሲጠቀልል ያየው ሰው አረብ ነው ብሎ አይገምትም።

የእኛ ቤት ከከተማው ወጣ ብሎ እንሰት መሃል የቆመ ትልቅ የሣር ቤት ነበር። መሃሉን ቀጥ አድርጎ የያዘው ምሰሶ ሁለት እጄን ዘርግቼ ባቅፈው ጣቶቼ አይገናኙም። አባቴ ሲያወራው፣ ወንዶቹ ግንዱን ከቡኢ በኩል እየተቀባበሉ በጭፈራ ተሸክመው አመጡት፤ ሲተከል ዱዓ ተደረገበት፣ ቅቤ ተቀባ። አባቴ ደግ ሰው ነበር የሚሉ ብዙ ናቸው። ከደጅ ሲያዩት እውነት ነው። በቤት ውስጥ ግን ቁጡ ነበር፤ ዱላው ከእጁ አይለይም። እናቴን ይመታል፣ ዘይነብን ይመታል፣ እኔንም እግሬ ፈጣን ስለነበር ሲደርስብኝ ይመታኛል። ይህን የምናገረው ላሳጣው አይደለም፣ የነበረው ስለሆነ ነው። ግን በዚያ ቤት አንድ ሕግ ነበር። ሌላው ቤት ይኑር አይኑር አላውቅም፤ በአባቴ ቤት ግን ምሰሶውን የያዘ ሰው አይመታም። “ምሰሶዬን የያዘን መምታት ቤቴን መምታት ነው” ይላል። ሮጠን ስናቅፈው ዱላው አየር ላይ እንዳለ ይቆማል። ክንዱ ይንቀጠቀጣል፣ የአንገቱ ሥር ይገታተራል፣ ከዚያ እየተራገመ ይወጣና እንሰቱን ይቀጠቅጣል። ስንት የእንሰት ቅጠል በእኛ ፈንታ ተተለተለ!

ሳልህ ይህን ሕግ ያውቅ ነበር። እንዴት እንዳወቀው ልንገራችሁ። አንድ የገበያ ቀን በርበሬ ሊሸጥ ከመጣ ሰው ጋር ተጣላና የሚዛኑን ብረት አንስቶ ግንባሩን ፈነከተው። የሰውዬው ዘመዶች ዱላቸውን ይዘው መጡ። ሱቁ በድንጋይ ተደበደበ፣ ፋኖሱ ሁሉ ረገፈ። ሳልህ በጓሮ አምልጦ በእንሰቱ መሃል እየሮጠ እኛ ቤት ገባ፤ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ ደሙ በጆሮው ላይ ይወርዳል። እኔና ዘይነብ ጎመን እየቆረጥን ነበር። አልፎን ሄዶ ምሰሶው ላይ ተጠመጠመ። አባቴ ከተኛበት ተነስቶ አየውና በሩ ላይ ሄዶ ቆመ። ሰዎቹ ደጁን ሞሉት።

“አውጣልን!” አሉ።

“ምሰሶዬን ይዟል” አላቸው አባቴ።

“ደማችንን አፍስሶ!”

“ሰምቻለሁ። ሲለቅ ትወስዱታላችሁ። ምሰሶዬን ይዟል አልኩ እኮ!”

ሽማግሌዎች መጥተው ካሣ እስኪቆረጥ ድረስ ሳልህ አልለቀቀም። ዘይነብ ናት ጭንቅላቱን በሻሿ ያሰረችለት። እናቴ ደሙን ከምሰሶው ላይ በቅጠል ብትፈትገው ብትፈትገው አልለቀቀም፤ ጥላሸት እስኪሸፍነው ድረስ እዚያው ኖረ። በዓመቱ ሳልህ ዘይነብን ሽማግሌ ልኮ ጠየቀ። አባቴ እምቢ ሊል አልቻለም፤ በምሰሶው ያስጣለውን ልጅ ከቤቱ እንዴት ይመልሰዋል? ከዚያ ጊዜው ተገለባበጠ፣ ሱቆች ታሸጉ፣ የሳልህ አባትም ዕቃውን ጭኖ ወደ አገሩ፣ ወደ ሰንዓ ሄደ። ሳልህ ሚስቱን ይዞ ተከተለ።

አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴ “የልጄን ዓይን አይተሽልኝ ነይ” ብላ ሰንዓ ላከችኝ። አውሮፕላን የሚሉትን ያየሁት ያኔ ነው። የለበስኩት ከዚያው ከታሸገው ሱቅ የተገዛ ባለ አበባ ቀሚስ፣ ላዩ ላይ ሹራብ፣ እግሬ ላይ ነጭ የፕላስቲክ ጫማ። የያዝኩት ቅቤ በቆርቆሮ፣ ሚጥሚጣ፣ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ትልቅ ቆጮ። የጉምሩኩ ሰውዬ ቅጠሉን ሲፈታው ሽታው አፍንጫው ላይ ዘለለበትና ወደ ኋላ ሸሸ። ቢላዋ አመጣና ቆጮዬን መሃሉ ላይ ወጋው። ምንም አልወጣም። ቢላዋውን አሸተተ፣ እኔን አየ፣ በእጁ ሂጂ ሂጂ አለኝ። ዘይነብ ደጅ ላይ ይህን ስነግራት እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከሳቋ በፊት ግን አቅፌያት ነበር፤ በለበሰችው ሰፊ ጥቁር ልብስ ሥር አጥንት ብቻ ነበር ያቀፍኩት።

የሰንዓ ቤት! ዛሬ በቴሌቪዥን በፍንዳታ ሲፈርስ ባሳዩኝ ቁጥር ማጥፊያውን አነሳለሁ። እኔ ያየኋት ሰንዓ ቡናማ ሸክላ በነጭ ጄሶ የተከፈፈ፣ ሽቅብ የተመዘዘ ቤት ነበረች። እኛ አገር ቤት ወደ ጎን ነው የሚሰፋው፤ እዚያ ወደ ሰማይ ነው። ታችኛው ፎቅ ድንጋይ ነው፤ ፍየል ይገባበታል። ከዚያ እህል፣ ከዚያ ሴቶች፣ ከዚያ ማድቤት፣ መጨረሻው ላይ ወንዶቹ ጫት የሚቅሙበት ክፍል። ከመስኮቱ በላይ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ባለ ቀለም መስታወት አለ፤ ጠዋት ፀሐይ ስትገባ ነጩ ግድግዳ ላይ ቀይና አረንጓዴ ይፈሳል። እጄን ዘርግቼ ቀለሙን መዳፌ ላይ አስቀምጠው ነበር። ጠባቡ መንገድ ላይ ስንሄድ አንገቴን ወደ ላይ ሰብሬ ስለነበር ዘይነብ “ሙኒራ፣ አህያ ይረግጥሻል” እያለች ትጎትተኛለች። ደረጃው ደግሞ ጨለማ ነው፣ እርከኑ ከጉልበት በላይ፣ አንዱም ከአንዱ አይመሳሰልም። የሚዞረው በአንድ ትልቅ የድንጋይ ምሰሶ ዙሪያ ነው፤ ጄሶ የተቀባ፣ ከታች እስከ ጣራ አንድ የሆነ። መጀመሪያ ቀን ሳየው ደስ አለኝ። “እትዬ፣ እዚህም ምሰሶ አላቸው እኮ!” አልኳት። እሷ ደረጃውን መውጣት ቀጠለች።

ምግቡን ባላወራ ሆዴ አይረጋም። ሳልታ የሚሉት አለ፤ ሥጋው ከቲማቲሙና ከድንቹ ጋር በድንጋይ ድስት እየፈላ፣ እሳቱ ላይ እንዳለ የተመታ አብሽ አረፋ ይደፋበታል። ድስቱ ከእሳት ወርዶ ሰው ፊት ቀርቦም መፍላቱን አያቆምም። ትኩስ ቂጣ እየቆረሱ፣ ጣት እየተቃጠለ፣ ዓይን እያለቀሰ ይበላል። ቂጣውን ዘይነብ ክንዷን እስከ ትከሻዋ ድረስ ወደ ሸክላው ምድጃ አስገብታ ግድግዳው ላይ ትለጥፈዋለች፤ ሲነፋ በእጇ ትነጥቀዋለች። በማር የራሰ ንብርብር ዳቦም አለ፤ ጥቁር አዝሙድ ተነስንሶበት በትኩሱ ይቀርባል። እኔ ስበላ ሳልህ “ጉራጌ ከክትፎ ሌላ ያውቃል እንዴ? ብዪ ብዪ” እያለ ይቀልድብኛል። ለእኔ እንደ ድሮው ነበር። ክንዷ ላይ ያየሁትን ጥቁር ጥቁር ምልክት ምድጃው ነው አለችኝ። ምድጃ ቆዳን ያቀላል፣ እንዲህ አያጠቁርም። ደግሞም ምድጃ የጣት ቅርጽ የለውም።

ከማድቤቱ ደጅ፣ ደረጃው በሚታጠፍበት፣ ምሰሶው ላይ የቆሸሸ ቦታ ነበር። ሌላው ጄሶ ነጭ ሆኖ ያ ቦታ ብቻ ቅባት የጠገበ፣ ሒና የነካው፣ ታሽቶ የለሰለሰ። ከፍታው የሴት ክንድና ጉንጭ የሚደርስበት ነው። አንድ ቀን ዘይነብ ውሃ ተሸክማ ስትወጣ አስቆምኳት።

“ይህ ምንድነው እትዬ?”

ባልዲውን አስቀመጠች። “ታውቂው የለ እንዴ።”

“ይመታሻል?”

“ልጅ አርግዤ ነበር፤ እሱም እዚሁ ደረጃ ላይ ቀረ” አለችኝ። ሆዷን አልነካችም፣ አላለቀሰችም፤ እኔ ግን ግድግዳውን ያዝኩ።

“ምሰሶውን ስትይዢ አያቆምም?”

“አንድም ቀን።”

“ታዲያ ለምን ትይዢዋለሽ?”

“ሌላ ምን ልያዝ?”

ከዚያ በኋላ ማሩም ማር አልሆነልኝ። ጫት የሚቃምበት ከሰዓት ነበር። እንግዶቹ ላይኛው ክፍል ሆነው ሳልታው ሲዘገይባቸው አንዱ አጉረመረመ መሰለኝ፤ ሳልህ ጉንጩ በጫት እንደተወጠረ ወደ ማድቤት ወረደ።  በጥፊ ሲያጮላት ቂጣው ከእጇ በረረ። ሁለተኛው በቡጢ ነው፤ የአፍንጫዋን ድምፅ ሰማሁት። እየተንገዳገደች ወደ ደረጃው ሮጣ ያንን ቦታ በሁለት እጇ አቀፈችው፤ ጉንጯን ለጠፈችበት። ፀጉሯን ይዞ ጭንቅላቷን ከድንጋዩ ጋር አጋጨው። ነጩ ጄሶ ላይ ደሙ ተረጨ። እኔ ባለኝ አቅም በጉራግኛ ጮህኩ።

“ሳልህ! ምሰሶውን ይዛለች!”

ቆመ። ገብቶታል፤ ዓይኑን አይቻለሁ። ያ የአባቴ ቤት፣ ያ ደጅ የሞላ ዱላ፣ ሁሉም በፊቱ ላይ አለፈ። ከዚያ ሳቀ።

“ሙኒራ፣ የአባትሽ ጎጆ መሰለሽ? ይህ እኮ ድንጋይ ነው” አለኝ፤ በእኛው ቋንቋ። ብሎም ጎኗን ረገጣት።

እሳቱ ላይ ያለውን ድስት በባዶ እጄ አነሳሁት። መዳፌ ላይ ያለው ጠባሳ እስከ ዛሬ የሚያብረቀርቀው ከዚያ ነው። ሙሉውን ከነአረፋው አንገቱና ትከሻው ላይ ደፋሁበት። ያን ጩኸት ልረሳው አልፈልግም፤ ውሸት ምን ያደርግልኛል፣ ዛሬም ሳስታውሰው ልቤ ይጠግባል። ከወገቡ ጩቤውን መዘዘ። በዚህ መሃል ከታች ጎረቤቷ አሮጊት እያለከለኩ ወጡ። ሁኔታውን አንድ ጊዜ አዩና የራሳቸውን መሸፈኛ ገፍፈው በእኛና በሱ መሃል ወረወሩት። ሽበታቸው ተጋለጠ፤ በዚያ አገር ሴት መሸፈኛዋን የጣለችበትን ጠብ የቀጠለ ወንድ ይነወራል። ሳልህ ጨርቁን አየ፤ ከላይ እንግዶቹ ወርደው ያዩታል፣ ከታች ሰፈሩ ያየዋል። ጩቤውን መለሰ። ለእኛ ምሰሶ ያልቆመው ሰውዬ ለጨርቅ ቆመ። ሕጉን ስላከበረ አይደለም፤ የሚያይ ሰው ስለነበረ ነው።

አሮጊቷ ቤታቸው አስገቡን፤ ፍቺውም በእሳቸው ግቢ በሽማግሌ ፊት ተነገረ። ዘይነብን ይዤ ቡታጅራ ተመለስኩ፤ እናቴ የልጇን ዓይን አየች፤ አንዱ አብጦ ተዘግቶ ነበር። ዘይነብ የአባታችን ቤት ስትገባ እናቴን ሳትስም፣ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ በቀጥታ ሄዳ ምሰሶውን አቀፈችው። ድምፅ አውጥታ ስታለቅስ የሰማኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ አላገባችም። እኔ አግብቼ ወለድኩ፤ ልጆቼን እዚያው ቤት ከእኔ ጋር አሳደገች። ነጂብ የመጨረሻ ልጄ ነው፤ ረባሽ ስለነበር እኔው ራሴ በአርጩሜ ሳባርረው ሮጦ ምሰሶው ላይ ይለጠፍና ከኋላው ዓይኑን አጮልቆ ይስቅብኛል። አርጩሜውን እጥላለሁ። አክስቱ ደግሞ “ልቀቅ፣ አልፏል” ትለዋለች፤ እሷ ልቀቅ ሳትል አይለቅም ነበር። አድጎ ጭነት መኪና ገዛ፣ ገንዘብ ያዘ፣ ሊያገባ ሲል የሣር ቤቱ አሳፈረው። በቦታው ላይ ይህን ቪላ ሠራ፤ ሴራሚክ፣ ጂፕሰም ኮርኒስ፣ በየጥጉ ቀለም የሚቀያይር መብራት። ምሰሶውን እንተወው ብዬ ለመንኩት። “እማዬ፣ ሳሎን መሃል ግንድ? ሰው ይሳቅብን?” አለኝ። በመጋዝ ተቆረጠ፤ ፍልጡ ለሠርጉ ሥጋ መቀቀያ ሆነ። ዘይነብ ያን ቀን እንሰቱ ውስጥ ገብታ እስኪመሽ አልተመለሰችም። ከሠርጉም ሥጋ አልቀመሰችም። ሙሽራዋ ሰላም ግን ምን ታውቃለች? አባቷ ከወሎ መጥተው እዚህ ያረጁ አስተማሪ ናቸው፤ እሷም የቡታጅራ ልጅ ትሁን እንጂ በሣር ቤት አላደገችም። ጨዋ ናት፣ የተማረች ናት፣ ለእኔም አብሽ ትመታለች።

እና ወደ ጁምዓው ልመለስ። ነጂብ የውጩን በር በእርግጫ ከፍቶ ገባ። ሰላም ወልቂጤ አንድ መሥሪያ ቤት ሥራ አግኝታ ነበር፤ ሳትነግረው ተፈትና ማለፏን ከሰው ሰምቶ ነው።

“ወልቂጤ?” አለ። “ወልቂጤ ሄደሽ ለማን ልትታዪ ነው?”

“ነጂብ፣ ልነግርህ ስል...”

አልጨረሰችም። በጥፊ መታት፤ ሳህኑ ከእጇ ወድቆ ሴራሚኩ ላይ ተሰበረ፣ አረፋው ተረጨ። ሰላም ወደ ኋላ ስትሸሽ አየኋት፤ ዓይኗ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። ሶፋ፣ ቴሌቪዥን፣ መስታወት ጠረጴዛ። በዚያ ሁሉ ሰፊ ሳሎን ውስጥ ሰው የሚይዘው አንድ ነገር የለም። ነጂብ ቀበቶውን ፈታ። እኔ ለመነሳት ተንደፋደፍኩ።

ዘይነብ ተነሳች። ከዘራዋን ሶፋው ላይ ትታው ነው የተነሳችው። ቀስ እያለች፣ የተሰበረውን ሳህን እየተሻገረች፣ ሳሎኑ መሃል መጥታ ቆመች። ሌላ ሰው ቢያያት የትም የቆመች ይመስለዋል። እኔና ነጂብ ግን ሴራሚኩ ሥር ያ ቦታ የቱ ጋ እንደሆነ እናውቃለን። ፊቷን ወደ ሰላም አዞረች።

“ነይ ልጄ። ያዢኝ” አለቻት።

ሰላም አልገባትም፤ ግን ሮጣ መጥታ ወገቧን በሁለት እጇ አቀፈች። ጉንጯን ደረቷ ላይ ለጠፈች። ዘይነብ እጇን እንኳ አላነሳችም፤ ቀጥ ብላ ቆመች፣ ያን የተሰበረ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ። የነጂብ እጅ ከነቀበቶው አየር ላይ ነበር። ክንዱ ሲንቀጠቀጥ አየሁት፣ የአንገቱ ሥር ሲገታተር አየሁት። በዚህ ቤት ውስጥ የቆመው አባቴ ነው ወይስ ሳልህ? የወለድኩትን ልጅ አላውቀውም ነበር።

“ነጂብ” አልኩት። “ምሰሶውን ይዛለች።”

ቀበቶው ወረደ። አክስቱን አየ። ዞሮ ወጣ። ደጅ ላይ አንዱን የቀረ እንሰት ሲደበድብ ሰማሁ።  ተነስቼ ጫማውንም ልብሱንም በመስኮት ወረወርኩለት። አባቴ ቆመ ተብሎ ሲወደስ ነው የኖረው፤ እናቴ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ወደ ምሰሶው ስትሮጥ ነው ያለቀችው። ይህች ልጅ በዚህ ቤት ስትሮጥ አትኖርም። “ሰላም ሰኞ ወልቂጤ ትሄዳለች፣ አንተ ደግሞ መኪናህ ውስጥ እደር!” ብዬ ሰፈሩ እስኪሰማ ጮህኩ። ይስማ።

በሩን ቆልፌ ስመለስ ሰላም አሁንም እንዳቀፈቻት ነበረች። የዘይነብ እግር ይንቀጠቀጣል፤ መቆም እያቃታት ነበር። “እትዬ፣ በቃ ተቀመጪ፣ ሄዷል እኮ” አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ራሷን ነቀነቀች። ልጅቷ ራሷ እስክትለቅ ድረስ ልቀቂ አላለቻትም።